ሁለተኛው ቤቴ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከየክፍሉ ጽሑፍ እንዲቀርብ ባሳሰቡ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ጋፋት፥ ስለ ጉና ተራራና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ለመጻፍ ተሻሙ። ለእኔ የተረፈኝ የራሴ ታሪክ ብቻ ሆነ። «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» እየተባልሁ ያደግሁ ልጅ ስለሆንሁ ብዙ ቀን አመነታሁ። ነገር ግን ይህን መጽሔት ወላጆችም እንደሚያነቡት፥ ማንበብ ለማይችሉትም ልጆቻቸው በምድጃ ዳር እንደሚያነቡላቸው አውቃለሁና በመጨረሻ ብዕሬን አነሣሁ። የሰዎቹን ስም አልጽፍም። ከተማችን ትንሽ ስለሆነች የሚያውቃቸው ያለ ስምም ያውቃቸዋል።

የተወለድሁት በ2000 ዓ.ም. ከጉና ተራራ ግርጌ ነው። ከደብረ ታቦር ሆኖ ጉናን የሚያይ ሰው ጉም የለበሰ ትልቅ ጉብታ ብቻ ይመስለዋል። እዚያ ላደገ ልጅ ግን ጉና ማለት ብርድ ማለት ነው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን የወረደው ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ባዶ እግሩን የሚሄድ እረኛ ላም ተኝታ የተነሣችበትን ቦታ እየፈለገ፥ ሙቀቱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያ ላይ ይቆማል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። እኛ የምናበቅለው ገብስና ድንች፥ የምናረባውም በግ ነበር።

አባቴ ታሞ የሞተው ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላኝ ነው፤ መልኩን አላስታውስም። እናቴ በዓመቱ ሌላ ባል አገባች። በዚህ ማንም ሊፈርድባት አይገባም። በአገራችን ልማድ ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ አራሽ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ካገኘችው እህል ግማሹን ታስረክባለች። እንጀራ አባቴ ጎበዝ አራሽ ነበር። ደቦ ሲጠራ ቀድሞ የሚደርስ፥ ሰው ሲሞት መቃብር ቀድሞ የሚቆፍር፥ በሰው ፊትም ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲያው አይደለም። ሰውዬው በመንደሩ ክፉ ተብሎ የታወቀ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ባመኑኝ ነበር።

የሚመታኝ በምን ምክንያት እንደ ነበር ዘርዝሬ አልጨርሰውም። በጎቹ እህል ገቡ ብሎ ይመታኛል፤ ጥጃው ጠባ ብሎ ይመታኛል፤ ስጠራህ ዘገየህ ብሎ ይመታኛል። በኋላ በኋላ ምክንያቱን መናገርም ተወ። ከዱላው ይልቅ የምፈራው ግን በርበሬውን ነበር። ቀበሮ አንዲት ጠቦት የወሰደብኝ ዕለት እጄን የፊጥኝ አሥሮ፥ በፍሙ ላይ በርበሬ ነስንሶ፥ ራሴን በጋቢ ሸፍኖ ከጢሱ ላይ ደፋኝ። ያልደረሰበት ሰው ቀላል ይመስለዋል። ትንፋሽ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ዐይን የሚፈርጥ ይመስላል፤ ለመጮኽ አፍ ሲከፈት የሚገባው ጢሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረገኝ። እናቴ ታናሽ እኅቴን አዝላ ከደጅ ትቆማለች። እርሱ ሲወጣ ትገባና በቀዝቃዛ ውሃ ዐይኔን ታጥበኛለች፤ አንድ ቃል ግን አትናገርም። እኔም ዝምታዋን ከእርሱ ጋር እንደ መተባበር ቆጠርሁባት። እርሷም እንደምትመታ አውቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዕድሜዬ ሁለቱን ነገር ላገናኘው አልቻልሁም።

ነገሩን መጀመሪያ ያወቀች የመንደራችን ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ፀሐይ ቢሆንም ባይሆንም ጋቢዬን በክፍል ውስጥ አላወልቅም ነበርና አንድ ቀን ሌሎቹ ልጆች ከወጡ በኋላ አስቀርታ ጠየቀችኝ። እርሷም ለመንደሩ ሰዎች ነግራ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀመጡ። እንጀራ አባቴ በፊታቸው አለቀሰ። «የሙት ልጅ ባሳድግ ስሜ ጠፋ፤ ልጅን መቅጣት ነውር ከሆነ እንግዲህ እኔ ነውረኛ ነኝ» አለ። አገራችን «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የምትለው እንዲህ ላለው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሰሙት ጩኸቱን ብቻ ነበር። ጉልበቱን እንድስም አዘዙኝ፤ ሳምሁ። እርሱም ዳግመኛ እንዳይመታኝ ማለ። ሁለት ሳምንት ያህል ደኅና ሰነበትን። በሦስተኛው ሳምንት ለመምህርቷ በመናገሬ ተቀጣሁ። መምህርቷም በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ሽማግሌዎቹን አልወቅሳቸውም ብል እዋሻለሁ። የተጣሉ ሰዎችን ማስታረቅ ያውቁበታል፤ አንድ ጎልማሳና አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን የተጣሉ ሰዎች አይደሉም።

ከቤት የወጣሁት ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት ነው። ቀኑን የመረጥሁት አስቤበት ነበር። በዚያ ሰሞን ልጅ ከቤቱ ቢርቅ «ሊጨፍር ሄዶ ነው» ይባላል እንጂ ቶሎ አይፈለግም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተነሣሁ። እኅቴ ከአጠገቤ በባና ተጠቅልላ ተኝታ ነበር፤ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነው። ስንቀሳቀስ ነቃችና «ወዴት ትሄዳለህ?» አለችኝ። «በጎቹን ላይ ነው፤ ተኚ» አልኋት። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ዝናቡ ባያቆምም ጅብ ከሩቅ ሲጮኽ እሰማ ነበር። ጭቃው ጫማዬን አንዱን ስላስቀረብኝ ሌላውንም ጥዬ ሄድሁ። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ነጋ። በጋሳይ በኩል አልፌ፥ መኪና በመጣ ቁጥር ከመንገዱ ወርጄ እየተደበቅሁ፥ ደብረ ታቦር የገባሁት ቀትር ላይ ነው።

የከተማችን ስምና የበዓሉ ስም አንድ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ቀን ከተማው እንዴት እንደሚሆንም ለደብረ ታቦር ልጅ መንገር አያስፈልገኝም። የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማውን የእግዚአብሔርን ድምፅ ለማሰብ ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከጅራፍ ሸሽቼ ስመጣ የገባሁት ጅራፍ በየማዕዘኑ ከሚጮኽበት ከተማ ሆነ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ዕለት ግን ሰው ሁሉ ሊመታኝ የወጣ መሰለኝ።

ረኃቡ ስለ በረታብኝ ከአንድ ደጃፍ ከሚጨፍሩ ልጆች ኋላ ተጠጋሁ። ለመጨፈር ጉልበት ስላልነበረኝ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። አንዲት ወደ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ሙልሙል በሰፌድ ይዛ ወጣችና ለእያንዳንዱ አደለች። ለእኔም ደረሰኝ። ገና ሳልገምጠው አንዱ ልጅ ከኋላዬ ጅራፉን አስጮኸ። ሙልሙሉን ጣልሁና ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ከጭቃው ላይ ኩርምት አልሁ። ልጆቹ ሳቁ፤ ሴትዮዋ አልሳቀችም። እጇን ልትዘረጋ ስትል መሸሼን አይታ ተወችው። ከፊቴ ቁጢጥ አለችና «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ አገሩ ሁሉ ለማያውቀው ልጅ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። እኔ ግን የምመልሰው ጠፋኝ። በመጨረሻ የሞተውን የአባቴን ስም ነገርኋት።

የሰፈሩ ሰው «እታለም» ይላታል፤ እኔም እስከ ዛሬ የምጠራት እንዲሁ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿ አድገው ከቤት ወጥተዋል። የምትተዳደረው በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ በመሸጥ ነው። ያን ማታ እግሬን አጠበችኝ። ልብሴን ስትቀይርልኝ ጀርባዬን አየችው፤ ምንም አልጠየቀችኝም። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቀበሌ ልትወስደኝ ስትነሣ አንዲት ጎረቤቷ «የሰው ልጅ በቤትሽ አስገብተሽ ነገር አታምጪ» አለቻት። እታለምም «እግሩን አጥቤዋለሁ፤ ነገሩማ ገብቷል» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ቀበሌው ወደ ፖሊስ፥ ፖሊስ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ላኩን። ብዙ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ብዙ ጊዜም ጀርባዬን አሳየሁ። በጽሕፈት ቤቱ ያገኘናት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ግን ለእኔ ለራሴ፥ በልጅ ቋንቋ፥ የሚደረገውን ሁሉ አስረዳችኝ። መጀመሪያ የሚታየው የልጁ ዘመድ ነው። የእኔ አጎት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወርዶ የቀረ ስለሆነ ሊገኝ አልቻለም፤ አያቶቼም በሕይወት የሉም። የልጆች ማሳደጊያ ደግሞ፥ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ስለ አማራጭ የሕፃናት ክብካቤ ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲጠፋ የሚኬድበት የመጨረሻው ነው። ስለዚህ የእታለምን ቤት መጥተው አዩ፤ ጎረቤቶቿን ስለ ጠባይዋ ጠየቁ፤ ከዚያም በመዝገቡ ላይ «የአደራ ቤተሰብ» ተብላ ተጻፈች።

ብዙ ሰው ይህን ከጉዲፈቻ ጋር አንድ ያደርገዋል። ጉዲፈቻ ከኦሮምኛ የመጣ ቃል ሲሆን በሕጋችንም ልጁ ለተቀበለው ሰው እንደ ተወለደ ልጅ የሚቆጠርበት ነው። አደራ ግን አደራ ነው። ልጁ የእናቱ ልጅ እንደ ሆነ ይቆያል፤ ተቀባዩም የሚጠብቀው የሰው ንብረት እንደ ያዘ ሰው ተጠንቅቆ ነው። ይህ ልዩነት ለእናቴ የነፍስ ጉዳይ ሆኖባት ነበር። አንድ ሰው «ልጅሽን ለፈረንጅ ሊሸጡት ነው» ብሎ ስላስፈራራት መጀመሪያ ከተማ የመጣች ዕለት በር ላይ ወድቃ ጮኸች። በእውነቱ ግን የኢትዮጵያን ልጆች ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ የተከለከለው በዚያው በ2010 ዓ.ም. ነበር። ሠራተኛዋ ይህን ደጋግማ ብትነግራትም እናቴ ያመነችው እታለምን ካየች በኋላ ነው። ሁለቱ ሴቶች ብዙ አልተነጋገሩም። እናቴ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን የገብስ ቆሎ ለእታለም ሰጠቻት፤ እታለምም ተቀብላ ሳመቻት።

ፍርድ ቤት የቀረብነው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። እንጀራ አባቴ በወንጀል ተከሶ አጭር እስራት ተፈርዶበት ነበር፤ የእኔ አኗኗር ግን ለብቻው ይታይ ነበር። ዳኛዋ ሰዉን ሁሉ አስወጥታ ለብቻዬ አስገባችኝና «የኔ ልጅ፥ የት መኖር ትፈልጋለህ?» አለችኝ። «ቤቴ» አልኋት። ይህን በማለቴ እኔም ደነገጥሁ። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ቤትህ የትኛው ነው?» ብትለኝ ማልቀስ ብቻ ሆነ። ቆይታ ደግሞ «ማታ ስትተኛ የማትፈራው የት ነው?» አለችኝ። ይህን ለመመለስ አልተቸገርሁም።

በአምናው የታሪክ ትምህርት ስለ ልዑል ዓለማየሁ ስንማር ያቺ ዳኛ ትዝ አለችኝ። የዐፄ ቴዎድሮስን ከተማነት የምንኮራበት የደብረ ታቦር ልጆች ስለ ልጃቸው ብዙ አናወራም። በ1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ እንግሊዞች ሲወስዱት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱበት። መጀመሪያ ስፒዲ ለሚባል መኮንን ተሰጠ፤ ልጁም ወደደው። በኋላ ግን ከስፒዲ ተለይቶ ለሌላ አሳዳጊ ተሰጠ፤ ከአንድ ትምህርት ቤትም ወደ ሌላ ተላከ። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ ተብሎ የቀረበውንም ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። ንግሥት ቪክቶሪያ እንደ ራራችለት ይጻፋል፤ ምግብና ልብስም አልጎደለበትም። እኔ ግን መምህራችን ሲናገር የማስበው፥ በየጊዜው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከመወሰኑ በፊት «የት ስትተኛ አትፈራም?» ብሎ የጠየቀው ሰው ነበረን? የሚለውን ነው።

በእታለም ቤት የመጀመሪያዎቹን ወራት የኖርሁት እንደ እንግዳ ነው። ከእርሷ ቀድሜ እነሣለሁ፤ ሳልታዘዝ ውሃ እቀዳለሁ፤ ገበታ ላይ እጄን ቶሎ እሰበስባለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ቁራሽ እንጀራ ከመደቡ ሥር እደብቅ ነበር። አይጥ ስላበዛሁባት ነገሩን ደረሰችበት። አልተቆጣችም፤ አላፈረችብኝም። አንዲት ትንሽ አገልግል ገዝታ ከመኝታዬ በላይ ሰቀለችው። በዚያ አገልግል ውስጥ እንጀራ ያጣሁበት ቀን የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ መክፈት ተውሁ፤ እርሷ ግን መሙላቱን አልተወችም።

በርበሬው ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። መጀመሪያ በርበሬ በብረት ምጣድ ላይ ልታምስ ያቀረበች ቀን ሽታው እንደ ሸተተኝ በሩን ጥዬ ወጣሁ። ሲመሽ ያገኘችኝ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። እዚያው ተቀምጠን፥ ለሽማግሌም ለፖሊስም ያልተናገርሁትን፥ የጢሱን ነገር ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ «እኔም እኮ ሥራዬ እርሱ ሆነ፤ ምን ይሻላል?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርበሬዋን ተሸክማ ከጎረቤት ማድ ቤት ሄዳ ታምስ ጀመር። ለማገዶውም ለምጣዱም ትከፍላለች። አምስት ዓመት እንዲህ አደረገች። ከመዝገቡ ጋር የተሰጣት ደብተርና የደንብ ልብስ ስለ ነበር ይህ ሁሉ የወጣው ከበርበሬው ትርፍ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ «እታለም፥ እዚሁ እመሽው» አልኋት። የመጀመሪያውን ቀን ከጓሮ ቆየሁ፤ በሚቀጥለው ከደጃፉ። አሁን ከውስጥ እቀመጣለሁ። እጄ ግን ይልበኛል።

ከዜግነት ትምህርት መምህራችን ሕጎቹን ተውሼ አንብቤአለሁ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች በአካል ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ቤት አልተጠራም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ የሚያንገላታን አሳዳጊ ይቀጣል፤ ነገር ግን ለመልካም አስተዳደግ ተብሎ በአግባቡ የሚደረገውን ቅጣት አይነካም። እኔ የሕግ ተማሪ አይደለሁም፤ ቢሆንም «በአግባቡ» የሚለው ቃል ሲያሳስበኝ ይኖራል። እንጀራ አባቴ ከጥዱ ሥር ሲያለቅስ ይከራከርበት የነበረው ይህንኑ ነው።

በሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ማረፋቸውን በሬዲዮ ሰማን። እታለም ሥራዋን አቁማ አዳመጠች። በ1928 ዓ.ም. በሸዋ መወለዳቸውን፥ አባታቸው በጣልያን ጦርነት ስለ ሞቱባቸው በአያቶቻቸው እጅ ማደጋቸውን፥ በዐሥር ዓመታቸው ሳይወዱ ተድረው ወደ አዲስ አበባ መጥፋታቸውን ያን ዕለት ዐወቅን። ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሄደው በድርቅ ወላጆቻቸውን ካጡ ሕፃናት ሁለቱን ይዘው መመለሳቸውን፥ ልጆቹም እየበዙ ሃያ አንድ ሲደርሱ ባላቸው «ከእኔና ከልጆቹ ምረጪ» ቢሏቸው ከልጆቹ ጋር ከቤት መውጣታቸውን ግን እታለም ቀድሞም ታውቀው ነበር። «ስትጠፋ የተቀበላት ሰው ባይኖር ይህ ሁሉ ልጅ የት ይገባ ነበር?» አለች። እኔ ደግሞ የማስበው ስለ እኅቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ወደ ጉና ደረሰ። በነሐሴ ከጋይንትና ከጉና በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ደብረ ታቦርን ሞላው፤ የመድፍ ድምፅም ከቤታችን ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ማታ በር ተንኳኳ። እናቴ ናት፤ እኅቴን ይዛለች። ከኋላቸው እንጀራ አባቴ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ዝናቡ ከራሱ ላይ ይወርዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳየው ያነሰ መሰለኝ።

እታለም በችሎት አይታው ስለ ነበር ወዲያው ዐወቀችው። ከደጃፉ ሳትንቀሳቀስ ወደ እኔ ዞረችና «ቤቱ ያንተም ነው፤ ምን ትላለህ?» አለችኝ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። «እናቴና እኅቴ ይግቡ። እርሱ አይግባ» አልሁ። እታለምም «እንግዲህ ሰምተዋል። አንቱን ሳላበላ አልሸኝም፤ ማደሪያዎ ግን ሌላ ነው» አለችው። ከጣራው ጠፈጠፍ በታች መቀመጫ አውጥታ እንጀራ በወጥ አቀረበችለት። ቀና ሳይል በላ። ከዚያም ተፈናቃዮች ወደ አረፉበት ትምህርት ቤት ሄደ። እናቴ «በጦርነት ቀን እንዲህ ይደረጋል?» ብላ ወቀሰችኝ፤ የንስሐ አባቷም ይቅር እንድል መከሩኝ። ይቅርታ መጥፎ ነው አልልም። በር መክፈት ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ሆኖም ያ ጀርባ በዝናብ ውስጥ ሲሄድ ያየሁት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም፤ ትክክል ሠርቼ እንደ ሆነም አላውቅም።

እናቴና እኅቴ ሦስት ሳምንት ያህል ከእኛ ጋር ሰነበቱ። «እርሷንስ?» ብዬ እናቴን በጠየቅኋት ቁጥር «እርሷን አይነካትም፤ ልጁ ናት» ትለኝ ነበር። ቀን ቀን አምናት ነበር፤ ሌሊት ግን አላምናትም። መንገዱ ሲከፈት ተመለሱ።

ባለፈው ታኅሣሥ እናቴ ደግሞ በሌሊት መጣች። እኔ በሄድሁበት መንገድ፥ በጋሳይ በኩል፥ እኅቴን በእጇ ይዛ በእግሯ ነው የመጣችው። እኅቴ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እንጀራ አባቴ ለጥር ሊድራት ቃል ሰጥቶ፥ ለድግሱ ብቅል በቅሎ ነበር። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በፌዴራሉ ሴት ልጅ ከ18 ዓመት በታች አትዳርም፤ መንደሩ ግን ሕጉን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ይሰማዋል። እናቴ ሳትቀመጥ «እታለም፥ ያን ጊዜ ዝም ብያለሁ። ይችን ደግሞ ያዥልኝ» አለች። በዚህ ጊዜ ሽማግሌ አልተቀመጠም። ሦስቱ ሆነው በማግሥቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። እናቴ ወደ መሬቷ ተመልሳለች፤ የይዞታ ደብተሩ በስሟ ስለሆነ «እርሱ ይሂድ እንጂ እኔ ምን ቆርጦኝ እሄዳለሁ» ትላለች። የፍቺው ጉዳይ ገና አልተፈጸመም።

እኅቴ በመጣች በሦስተኛው ቀን የገበያ ዋዜማ ስለ ነበር እታለም በርበሬ ልታምስ ምጣዱን ጣደች። እኔ ደብተሬን አጠፍሁና እኅቴን ወደ ጓሮ ይዣት ለመውጣት ተነሣሁ። እርሷ ግን ከምድጃው አጠገብ እንደ ተቀመጠች ነበር። ጢሱ ሲነሣ ፊቷን አየሁት። አልደነገጠችም፤ ወደ በሩም አላየችም። ሦስት ጊዜ አከታትላ አስነጠሰችና ሳቀች፤ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ «እታለም፥ እኔ ላማስለው?» አለች። እታለምም ማማሰያውን ሰጠቻት።